ባላምባራስ የሳቁበት ግጥም

አንድ ባላምባራስ ነበሩ፤ ጓንጉል ይባላሉ። የታች አምባ ሹም ናቸው። ፈረስ ሲቀመጡ ያምርባቸዋል፣ ሲናገሩ ይደመጣሉ፣ ሲፈርዱም ፊት ለፊት የሚከራከራቸው የለም። በዚህ ዓለም እንቢ ያለቻቸው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። የገና ዕለት ሩሯን፣ የጨዋታዋን ኳስ፣ በመቷት ቁጥር ወደ ግራ ትሄዳለች።

ለሩቅ ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ደግሞ ለጨዋታ! ይባላል። ለታች አምባ ሰው ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም።

ታች አምባና ላይ አምባ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። በክረምት ውኃው ለሁሉም ይተርፋል። በጋው ሲጠና ግን ምንጩ ይቀጥንና ከሥሩ ያለችው ኩሬ ብቻ ትቀራለች። ቀድሞ የደረሰ ከብት ጥሩውን ውኃ ይጠጣል፤ ኋላ የመጣው ጭቃውንና አልቅቱን ይጋታል። በዚህ ሰበብ ሁለቱ አምባዎች ዱላ ተማዘው፣ ደም ሊፋሰሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሽማግሌዎች መሀል ገቡ። «ዱላ ካማራችሁ ለገና አድርጉት» አሏቸው። «የገና ዕለት ያሸነፈ አምባ እስከሚመጣው ገና ድረስ ከብቱን ቀድሞ ያጠጣ። የተሸነፈ ቆሞ ይጠብቅ።» ሁለቱም ወገን እሺ ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲያ በውኃ የተነሣ ማንም ማንንም አልመታም።

ገና እንግዲህ በዓሉም ነው፣ ጫፉ የተቆለመመው የመጫወቻ ዱላም ነው። ሩር ደግሞ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ኳስ ናት። ጎረምሳው ሩሯን እያሳደደ ቀኑን ሙሉ በሜዳው ሲራኮት ይውላል። በእነዚያ አምባዎች ግን ሌላ የማይገኝ አንድ ደንብ ነበር። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጨዋታው ይቆምና ከየወገኑ አለቃው ብቻውን ይወጣል። ሩሯ መሬት ላይ ትቀመጥለታለች፤ እሱም በሜዳው ጫፍ በተተከሉ ሁለት ድንጋዮች መካከል በአንድ ምት ማሳለፍ አለበት። ይህ የአለቃ ምት ይባላል። አንዱ አለቃ አግብቶ ሌላው ከሳተ፣ የቀኑ ጨዋታ ከንቱ ይሆንና ያገባው ያሸንፋል። ሁለቱም ካገቡ ግን ቀኑን ሙሉ የበለጠው ወገን ድሉን ይወስዳል።

የታች አምባ ጎረምሶች እሳት ናቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር ላይ አምባን ሲያስጨንቁት ይውላሉ። ማታ የላይ አምባው አለቃ ግራዝማች ሽበሺ፣ አጭርና ወገበ ጎባጣ ሰው፣ ቀረብ ብለው ዱላቸውን እንደ አሮጊት ምርኩዝ አንሥተው ሩሯን ያስገባሉ። ከዚያ ባላምባራስ ጓንጉል ይመጣሉ። ካባቸውን ያወልቃሉ፣ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ፣ ገናውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ። ምቱ ሲያርፍ በሜዳው ሁሉ ይሰማል። ሩሯም ወደ ግራ።

አሁን ደግሞ ስለ ስድቡ ልንገራችሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በዚያች ዕለት ጭሰኛው ጌታውን፣ አሽከሩ አለቃውን በግጥም ቢያብጠለጥል ማንም አይነካውም። የላይ አምባ ተሳዳቢ ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ድምፁ እንደ እንቢልታ ነው። ባላምባራስ ገና ሩሯ ፊት ሲቆሙ እንዲህ ይላል፦

«እጁ ሩር ሲመታ ዓይኑ ሰው ይቆጥራል፤
የላይ አምባ ከብቱ በሱ ዓይን ይኖራል።»

ላይ አምባ በሳቅ ይፈርሳል። ከሁሉም አብልጠው የሚስቁት ግን ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። «ግሩም አልክ! አንተ የእንቢልታ ዘር!» ይሉና ቢያድግልኝን አስጠርተው በገዛ እጃቸው አንድ ቀንድ ጠጅ ይሰጡታል። አገሩም «ባላምባራስ ጓንጉል ስድብ አያስቀይማቸውም፣ ሆደ ሰፊ ናቸው» ይላል። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ግጥሟን ከመውደዳቸው የተነሣ ከብት ሊያዩ ሲወጡ እንኳ ያንጎራጉሯት ነበር።

እንዲህ ሲሆን ሲሆን አንድ ክፉ በጋ መጣ። ባላምባራስ አንድ ጧት በበቅሎ ሲያልፉ ምንጩ ዘንድ ደረሱ። የላይ አምባ ከብት ጠጥቶ፣ ረጋግጦ፣ ኩሬዋን አተላ አድርጎ ሄዷል። የታች አምባ ከብት ተራውን ይዞ ጭቃውን ያነፈንፋል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ እማሆይ ጥሩወርቅ፣ የአንዲቷን ላማቸውን አፍንጫ በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው አልቅት ይነቅላሉ። የላሟ አፍ ደም በደም ሆኗል። ሴትየዋ ባላምባራስን ሲያዩ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና እጅ ነሡ።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ላሟ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች ጌታዬ። ደህና ናት።»

ደሙ ከላሟ አፍ ይንጠባጠባል፣ ሴትየዋ ደህና ናት ይላሉ። ባላምባራስን ቢሰድቧቸው በተሻለ ነበር። በቅሎዋን ወደ ቤት መለሷት። ልባቸውም አንድ ነገር ቆረጠ። «ይህችን ምት ሳላቀና ሌላ ገና አይመጣም» አሉ።

አንድ ሰው ጥፋቱን ሊያርም ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥፋቱን የሚሸከምለት ሌላ ነገር ነው። ባላምባራስም አጋፋሪያቸውን ዘለቀን አስጠሩት።

«ዘለቀ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምቴ ለምን ይጠማል?»

«የእርስዎ ምት? የእርስዎ ምት ምን ይወጣለታል ጌታዬ! ገናው ነው የበደለዎት። ወይራ ይከብዳል፣ ክንድ ይጎትታል።»

የወይራው ገና ተጣለና ከክትክታ ሌላ ተቆረጠ። ሩሯ ወደ ግራ ሄደች። ዘለቀ ቀጥሎ ሩሯን ከሰሰ፤ ሌላ ተጠረበች፤ እሷም ወደ ግራ። ከዚያ ሜዳው ወደ ግራ ያዘነብላል ተባለና ሰው ወጥቶ አፈር ሲሸከም ሰነበተ። ሜዳ አቤት ማለት አይችል፣ ዝም ብሎ ተስተካከለ። ሩሯ አሁንም ወደ ግራ። በመጨረሻ ነፋሱ ተወቀሰ። ነፋስን ማስተካከል የሚችል ግን ከታች አምባ አልተገኘም።

ባላምባራስ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም። በየማለዳው ብቻቸውን ከጓሯቸው ወጥተው ሁለት ድንጋይ አቁመው ይለማመዱ ጀመር። ጉድ የተባለውም ያን ጊዜ ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ሩሯ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ በድንጋዮቹ መካከል ታልፋለች። ቢደግሙት ያው ነው፣ ቢሠልሱትም ያው። ደስ ብሏቸው «ዘለቀ! ና እይልኝ!» ብለው ተጣሩ። ዘለቀ መጣና አጥሩ ሥር ቆመ። ባላምባራስ መቱ። ወደ ግራ።

«ዓይንህ ነው!» አሉ ባላምባራስ በብስጭት። «ጥፋ ከፊቴ!»

ምስኪኑ ዘለቀ ከዚያ ቀን ወዲያ ጌታው ገና የያዙ እንደሆነ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ባላምባራስ ከላይ አምባው ተሳዳቢ ከቢያድግልኝ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ቢያድግልኝ ያቺ በገና ዕለት ደረቷን የምትነፋ ወፍ አልመሰለም። ነጠላውን አደግድጎ፣ ከመንገድ ወርዶ እሾህ ላይ ቆመ።

«ቢያድግልኝ፣ አንተ የጠላት ወገን ነህ፤ አንተስ አታቆላምጠኝም። ምቴ ለምን ይጠማል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ ጌታዬ! የእርስዎን ምት የመሰለ በአገሩ አለ? ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋሱንማ ወቅሰነዋል። በገና ዕለት እንደዚያ ስታዋርደኝ ምላስህ የት ሄደ?»

«ያ እኮ ጨዋታ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ ነው እንጂ...»

«ግጥሟን እንዴት ፈጠርካት? ጎበዝ ገጣሚ ነህ።»

«እኔ አልፈጠርኳትም» አለ ቢያድግልኝ፤ መመስገኑ ትንሽ ፍርሃቱን አስረሳው። «ፈጠራ አልችልበትም ጌታዬ። እዚያ ቆሜ ያየሁትን ነው የምለው።» ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የተናገረው ለራሱ ተሰማውና አፉን በነጠላው ያዘ።

ባላምባራስ አልተቆጡም። በቅሎዋ ላይ እንደ ደረቁ ቀሩ። ቢያድግልኝ አጋጣሚውን አይቶ በእሾሁ መሀል ሹልክ አለ።

እጁ ሩር ሲመታ ዓይኑ ሰው ይቆጥራል። ስንት ጊዜ ሰሟት! ስንት ጊዜ አንጎራጎሯት! ለሰደባቸው ሰው ጠጅ ቀድተዋል፣ የተባለውን ግን አንድ ቀን አልሰሙትም። ስድቡ በደንቡ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ሳቁም በደንቡ ተከፍሎ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቤት እንደ ደረሱ ሚስታቸውን ወይዘሮ የሻረግን ጠሩ። «አጥሩ ሥር ቁሚልኝ። ምንም አትበይ፤ አንገቴን ብቻ እይ» አሏቸው። ገናውን አነሡ። ዱላው ሲወርድ፣ ሩሯን ሊነካ ገና አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ አንገታቸው ብድግ አለ። ዓይናቸው ወደ አጥሩ ሄደ፤ የሻረግ አየችኝ? እያለ። ሩሯ ወደ ግራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባላምባራስ ጥፋታቸውን በገዛ ሥጋቸው ያዙት።

«አንገቴ ነው!» አሉ። «የሻረግ፣ አንገቴ ነው!»

«አንገትዎ ነው» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፤ ምንም አልገረማቸውም።

«ታውቂ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ ጌታዬ? ዘለቀም ያውቃል። እማሆይ ጥሩወርቅ እንኳ ከዚያ ማዶ ሆነው ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ወይዘሮ የሻረግ ሩሯን አንሥተው በባላቸው እግር ሥር አኖሯት። ለምን እንዳልነገሯቸው ባላምባራስ ራሳቸው ያውቃሉና አፈሩ።

ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ጥፋቱ የተወው ይመስለዋል። ባላምባራስም ለጥቂት ቀን እንዲሁ መሰላቸው። በአገጫቸውና በደረታቸው መካከል የገብስ ዛላ እያስገቡ ይለማመዱ ጀመር፤ አንገታቸው ብድግ ያለ እንደሆነ ዛላው ይወድቃል። ብቻቸውን ሲሆኑ ዛላው አይወድቅም። ሰው ባለበት ግን ሲወድቅ ይውላል፤ ዶሮዎቹ ነገሩን ለምደው ከእግራቸው ሥር አይጠፉም ነበር። የሻረግን ሲያዩ ይወድቃል። መንገደኛ ሲያልፍ ይወድቃል። አንገት የዕድሜ ልክ ልማዱን በአንድ ሳምንት አይለቅም።

በዚህ ጊዜ ነው ባላምባራስ ከዚያ በፊት ማንም ሹም ያላደረገውን ያደረጉት። የታች አምባን ሰው ሰበሰቡና ገናቸውን ይዘው መሀል ቆሙ።

«ስሙኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ይህን ዱላ በያዝኩ ጊዜ ሁሉ የገና ዕለት ነው። ሐምሌም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን ገና ነው። ያያችሁትን በሉኝ። የሚቆጣ ጌታ የለም።»

ሰው ሁሉ የጎረቤቱን እግር ያያል። በመጨረሻ ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገና «ምትዎ እንደ ፀሐይ ያበራል» የሚል ነገር ጀመረ። ባላምባራስ «አንተ ዝም በል!» አሉት። ያን ጊዜ ወይዘሮ የሻረግ ከሴቶቹ መሀል ወጡ። በተጋቡ ዘመን ሁሉ ባላቸውን አንተ ብለው አያውቁም ነበር። እጃቸውን እያጨበጨቡ እንዲህ አሉ፦

«ጎንበስ በል ጓንጉሌ፣ ሩሯን እያት አሁን፤
ማን አየኝ ስትል ነው ያስጠማኸው ላሙን።»

መጀመሪያ ሰው ደነገጠ። ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ባላምባራስም ሳቁ፤ ነገር ግን እንደ ዱሮው አልሳቁም፤ ሳቁ አልቆ የተባለው ነገር በልባቸው ቀረ። ገብሱን አገጫቸው ሥር አስገቡና መቱ። ወደቀ። እንደገና አነሡት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጓሮው ሜዳ ሆነ። ባላምባራስ ይመታሉ፣ ሰዉ ይሰድባቸዋል። ወንዱም ሴቱም በመንገዱ ሲያልፍ አንድ ስንኝ ጥሎ ይሄዳል። አፍ እንግዲህ አንዴ ከተከፈተ ወሰን አያውቅም። አንድ ቀን እማሆይ ጥሩወርቅ መጡ፤ ላማቸው በዚያው በጋ ሞታባቸው ነበር። በአጥሩ ላይ ተደግፈው፣ በተሰነጠቀ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«ሲመታም ሲፈርድም የሰው ፊት ያያል፤
እንዲህ ያለ ዳኛ መች እውነት ይለያል።»

ማንም አልሳቀም። ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። ገናውን አጥሩ ላይ ወረወሩትና ቤት ገብተው በሩን ዘጉት። ሕዝቡ አንድ በአንድ ተበተነ። እማሆይ ጥሩወርቅ ግን እዚያው ቆመው ቀሩ፤ ላሙን ያጣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈራል?

ምሳ ቀረበ፤ ባላምባራስ አልቀመሱም።

«የገና ጨዋታ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

«እኔ ስለ ምቴ ተናገሩ አልኩ እንጂ ስለ ዳኝነቴ መቼ አልኩ?»

«አንገቱ እኮ አንድ ነው ጌታዬ።»

ባላምባራስ ይህን ቃል ሲያላምጡት ዋሉ። በሸንጎ ተቀምጠው ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው የት ነው? ወደ ከሳሹ? ወደ ተከሳሹ? አይደለም፤ ወደ ተሰበሰበው ሰው ነው፣ የትኛው ፍርድ ያስጨበጭባል እያለ። ነገሩ እውነት ነበረና እንደ እሾህ ጠቀጠቃቸው። በማግሥቱ ማለዳ ሰው ሳይልኩ በእግራቸው ወደ እማሆይ ጥሩወርቅ ደጅ ሄዱ። ሴትየዋ ሊታሰሩ መስሏቸው ነጠላቸውን ያዙ።

«ያን የትናንቱን ግጥም» አሉ ባላምባራስ፤ «እኔ ስመታ በየቀኑ እየመጡ ይበሉልኝ። እሱን ችዬ አንገቴን ካልያዝኩ ሌላውን አልችልም።»

ሴትየዋም መጡ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ዛላው መውደቁን እያሳነሰ ሄደ። እንደገና ሲወድቅም ባላምባራስ ማንንም አልከሰሱም፤ ጎንበስ ብለው ያነሡታል፣ አገጫቸው ሥር ይመልሱታል። በዚያው ወራት ሸንጎ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ባለጉዳዩን ብቻ ማዳመጥ መጀመራቸውን ያስተዋለ አስተዋለ።

የገና ዕለት ደረሰ። የታች አምባ ጎረምሶች እንደ ልማዳቸው በልጠው ዋሉ። ማታ ግራዝማች ሽበሺ ወጡ፣ ያቺን የማታምር ምታቸውን መቱ፣ ሩሯም ገባች። አሁን ሁሉም ነገር በባላምባራስ ምት ላይ ወደቀ። ካገቡ በጋው የታች አምባ ነው፤ ከሳቱ ጭቃው ነው።

ግራዝማች ሽበሺ ግን ብልህ ሰው ነበሩ። የታች አምባ ሰው ሹሙን በስድብ እያለማመደ እንደ ከረመ ሰምተዋል። ሰዎቻቸውን ሰብስበው በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገሩ። «ዘንድሮ እንዳትሰድቡት። ስድቡን ለምዶታል። አወድሱት!»

ባላምባራስ ሩሯ ፊት ቆሙና አገጫቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ከላይ አምባ ወገን እልልታው ቀለጠ። ሴቱ እልል፣ ወንዱ «ጀግናው! ጀግናው!» ይላል። የቢያድግልኝም እንቢልታ ከሁሉም በላይ ወጣ፦

«የጓንጉል ክንድማ ነጎድጓድ ነው አሉ፤
ቀና በል አንበሳው፣ ይይህ አገር ሁሉ።»

ይህ የማይጠበቅ ነበር። ጠላት ሲያወድስ! ባላምባራስ ደረታቸው ሲሞቅ ተሰማቸው። ዕድሜ ልካቸውን አንገታቸውን ብድግ እያደረጉ የፈለጉት ይህን ነበር፤ ዛሬ ሳይፈልጉት መጣላቸው። ገናው ወደ ላይ ወጥቷል። አንገታቸው ጅማቱ ተወጠረ። ቀና ሊል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊታቸውን ብቻ ልይ።

ከታች አምባ ወገን አንድ የተሰነጠቀ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ። «ሲመታም ሲፈርድም የሰው ፊት ያያል!» እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው። ከዚያ የሻረግ ተቀበሏቸው፣ ከዚያ ዘለቀ፣ ከዚያ ታች አምባ በሙሉ ተነሥቶ የገዛ ሹሙን በአንድ ድምፅ ይሰድብ ጀመር። በዚያች ሰዓት እንግዳ መንገደኛ በዚያ ቢያልፍ የትኛው ወገን የማን እንደሆነ ሊለይ አይችልም ነበር። ወዳጅ ይሰድባል፣ ጠላት ያመሰግናል።

የባላምባራስ አገጭ ወደ ደረታቸው ተመለሰ። ገናው ወረደ።

ጩኸት ሜዳውን ሞላው። ባላምባራስ ግን አሁንም ጎንበስ ብለው ሩሯ ተቀምጣ የነበረችበትን ቦታ ያያሉ። የተኛ ሣር አለ፤ በሣሩ ላይ አንዲት ጉንዳን ትሄዳለች። ሰው ሲሮጥ፣ ሲተቃቀፍ፣ ሲያለቅስ ይሰማቸዋል፤ ቀና ለማለት ግን አልደፈሩም። የአንድ ሰው እግር አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። የሚስታቸውን ጫማ ዐወቁት።

«ገባች?» አሉ እንዳቀረቀሩ።

ወይዘሮ የሻረግ እያለቀሱ ይስቃሉ። «ቀና ይበሉ ጌታዬ» አሏቸው። «አሁን ማየት ይችላሉ።»

ቀና ቢሉ ሩሯ ከድንጋዮቹ ማዶ አልፋ የጎረምሶች እጅ ላይ ደርሳለች። በዕድሜያቸው ከመቱት ሁሉ የሚበልጠውን ምት አገር አይቶታል፤ ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማታ በድግሱ ላይ ባላምባራስ ቢያድግልኝን አስጠሩና አንድ ቀንድ ጠጅ ሰጡት። ቢያድግልኝ አፍሮ ነበር። «ለዛሬው ውዳሴህ አይደለም» አሉት። «ለዱሮው ስድብህ ነው። ያኔ የሰጠሁህ ሳልሰማህ ነበር።»

በማግሥቱ ማለዳ የታች አምባ ከብት ቀድሞ ወረደ። ከፊት የምትሄደው ባላምባራስ ለእማሆይ ጥሩወርቅ ከበረታቸው መርጠው የሰጧቸው ጊደር ነበረች። ከንፈሯን ወደ ጥሩው ውኃ ሰደደች።

ይህን ታሪክ ያወረሱን ሰዎች ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው። በእኛ አገር እውነት ለትልቅ ሰው ፊት ለፊት አይነገርም፤ በጨዋታ ተጠቅልሎ፣ በግጥም ታዝሎ፣ የቀልድ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ትልቁ ሰውም ልብሱን አይቶ ይስቃል፣ የመጣውንም መልእክተኛ ጠጅ አጠጥቶ ይሸኘዋል። መልእክቱ ግን እንደ ታሸገ ይመለሳል። ሆደ ሰፊነት ተሰድቦ መሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላምባራስ ምታቸውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባቀኑት ነበር። ጥፋታቸው የቀናው የሳቁበትን ነገር አንሥተው በየማለዳው አገጫቸው ሥር ሲይዙት ነው፤ ሲወድቅም ነፋሱን ሳይወቅሱ ጎንበስ ብለው ሲያነሡት።

አንቺም አንተም እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ አስቡ። ሰዎች ዓመት ከዓመት እየደጋገሙ የሚቀልዱባችሁ፣ እናንተም አብራችሁ የምትስቁበት ያ ነገር ምንድን ነው? በእናንተ ሳቅ የተነሣ ጭቃ የሚጠጣውስ ማን ነው?